ሁለት መኪና፣ አንድ ሻንሲ

በ2012 አንድ የቴክሳስ ነዋሪ ኢቤይ ላይ ለሽያጭ የቀረቡ አሮጌ መኪኖችን ሲያይ ዓይኑ አንዲት ኦስቲን ሂሊ 3000 ላይ ተተከለ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መኪናዋ የ1967 ሥሪት ስትሆን የምትሸጠውም ሎስ አንጀለስ አካባቢ ነበር። ሰውየው ተነሥቶ ለ42 ዓመት ያስቀመጠውን የባለቤትነት ወረቀት አወጣና ከሻንሲ ቁጥሯ ጋር አስተያየ። ቁጥሩ ያው ነው። በ1970 ፊላደልፊያ ውስጥ የተሰረቀችበት የራሱ መኪና ነበረች። ቁልፏ እንኳ እጁ ላይ ነበር።

ታሪኩ ግን በዚህ አላለቀም። ፖሊስ የተሰረቁ መኪኖች ብሔራዊ መዝገብ ውስጥ ሲፈልጋት አልተገኘችም። በኋላ ሲጣራ፣ ያን ጊዜ ቁጥሯ ወደ መዝገቡ ሲገባ ተሳስቶ ነበር። ባለቤቱ አመልክቷል፣ መኪናዋ አለች፣ መዝገቡም አለ። ሦስቱን የሚያገናኘው ቁጥር ላይ ስሕተት ስለገባ ብቻ ይህን ሁሉ ዓመት ሕግ ሳያገኛት ኖረች። ቁጥሩ ሲታረም መኪናዋ ተያዘችና ለባለቤቷ ተመለሰች።

በዚህ ምዕራፍ የምናወራው ስለዚህ ቁጥር ነው። በሕግ ፊት መኪና ሁለት ነገር ናት፤ አንደኛው ብረቱ፣ ሁለተኛው ወረቀቱ። ሁለቱን የሚያስተሳስራቸው የሻንሲ ቁጥር ነው። አጭበርባሪ መኪናውን ሲሰርቅ ግማሹን ሥራ ብቻ ነው የሠራው። ገንዘብ የሚያገኘው ያንን ማሰሪያ ቆርጦ ሌላ ቦታ ላይ ሲቋጥረው ነው። ቋጠሮው ሲፈታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ የሚወድቀው በሌባው ላይ አይደለም። ሌባው የለም፣ ወይ ሞቷል፣ ወይ ገንዘቡን በልቶታል። የሚከፍለው በመጨረሻ የገዛው ነው፤ ምንም ያላጠፋው ሰው።

ለእኛ አገር አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ሊብሬ ይዞ ኮፈን ከፍቶ ሻንሲና ሞተር ቁጥር ማስተያየትን መኪና የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። ስም ሳይዛወር በውክልና ብቻ ከሰው ወደ ሰው ስትተላለፍ የኖረች መኪና መጨረሻ ላይ የማን እንደሆነች ለማወቅ የሚደረገውን ሩጫም ብዙዎች ቀምሰውታል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ታይትል የሚሉት ወረቀት የሚሠራው ይህንኑ የሊብሬን ሥራ ነው። ልዩነቱ፣ እዚያ ታይትሉን የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት በራሱ ደንብ መሆኑ ነው። ማጭበርበሩ የሚገባውም በግዛትና በግዛት መካከል ባለው ክፍተት ነው።

ታዲያ ስለ አዲስ መኪና ሳይሆን ስለ አሮጌ መኪና ለምን አወራለሁ? አሜሪካ ውስጥ ዛሬ የምናውቀው ባለ 17 ፊደልና አኃዝ ቁጥር ግዴታ የሆነው ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ነው። ቁጥሩ በጥንቃቄ የታሰበበት ነው። ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም። ዘጠነኛው ቦታ ላይ ያለው ደግሞ ከሌሎቹ 16 በስሌት የሚወጣ መፈተሻ ነው፤ አንዱን አኃዝ የቀየረ ወይም የተሳሳተ ሰው ስሌቱ ያጋልጠዋል። ያቺ ኦስቲን ሂሊ እንዲህ ያለ መፈተሻ ቢኖራት ኖሮ ስሕተቱ የዚያኑ ዕለት ሊታወቅ በቻለ ነበር። ከ1981 በፊት ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደየልማዱ ነበር ቁጥር የሚሰጠው፤ ርዝመቱም፣ የሚታተምበት ቦታም፣ ትርጉሙም ይለያያል።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። በ1970 የተሠራች ፕሊመዝ ሄሚ ኩዳ ቁጥሯ የሚጀምረው ቢ፣ ኤስ፣ 23፣ አር፣ 0፣ ቢ ብሎ ነው። የመጀመሪያው ቢ ባራኩዳ ማለት ነው። ኤስ ደረጃዋን፣ 23 ጣሪያዋ የማይከፈት ባለ ሁለት በር መሆኗን፣ 0 የ1970 ሞዴል መሆኗን፣ የኋለኛው ቢ ደግሞ ዲትሮይት አጠገብ ሃምትራምክ ከሚገኘው ፋብሪካ መውጣቷን ይናገራሉ። መሐል ያለው አር 426 ኪዩቢክ ኢንች የሆነውን ሄሚ የተባለ ሞተር ያመለክታል። ከዚያው ፋብሪካ የወጣች ባለ 318 ሞተር ተራ ባራኩዳ እዚያው ቦታ ላይ ያላት ፊደል ጂ ነው። በሩ ያው ነው፣ መስታወቱ ያው ነው፣ ላሜራውም ያው። ጣሪያቸው የሚከፈት የ1971 ሄሚ ኩዳዎች በአጠቃላይ የተሠሩት 11 ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነሱ አንዷ በ2014 ሲያትል በተደረገ ጨረታ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች። ጂ የነበረውን አር ማድረግ ምን ያህል እንደሚያጓጓ አስቡት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። ተራ ባራኩዳ ወስዶ ሄሚ ሞተር ገጥሞ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ልክ እንደ ኩዳ አድርጎ መሥራት ወንጀል አይደለም። የሠራው ሰው «ግልባጭ ናት» ብሎ እስከሸጣት ድረስ ሥራው የእጅ ጥበብ ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ወንጀሉ የሚጀምረው ቁጥሩ ሲነካ ነው። ሞተሩ ላይ ያለውን ቁጥር ፍቆ ሌላ መምታት፣ ቁጥሩ የተጻፈበትን የፋብሪካውን ትንሽ ፕሌት አስመስሎ አሠርቶ መለጠፍ፣ ከዚያም ወረቀቱን ከዚህ ጋር ማስማማት። ያኔ ገዢው የከፈለው ለሌለ ነገር ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከዚህ የከፋ ነው። አጭበርባሪው አንድ ቦታ፣ ጓሮ ውስጥ በስብሳ ሣር የበቀለባት፣ ግን ንጹሕ ወረቀት ያላት መኪና ይገዛል። የሚፈልገው መኪናዋን ሳይሆን ወረቀቷንና ፕሌቷን ነው። ከዚያ ተመሳሳይ ጤነኛ መኪና ይሰረቅና የበሰበሰችው ፕሌት ይለጠፍባታል። በወረቀት ላይ የበሰበሰችው ታድሳ ተነሣች፤ የተሰረቀችው ደግሞ ከምድር ጠፋች። የበሰበሰችው ብረት ሳይጣል ቀርቶ ሌላ ሰው እጅ ከገባ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ሁለት መኪና አንድ ሻንሲ ቁጥር ይዞ ይገናኛል።

ወረቀት ለሌላት መኪና ወረቀት ማግኛ ቀዳዳም ነበር። ትንሿ የቬርሞንት ግዛት ከ15 ዓመት በላይ ለሆናቸው መኪኖች ታይትል እንዲወጣ አታስገድድም፤ የምዝገባ ወረቀቱ ራሱ እንደ ባለቤትነት ማስረጃ ይቆጠራል። የግዛቱ ነዋሪ ያልሆነ ሰውም በፖስታ ማስመዝገብ ይችል ነበር። ስንት ቅን ሰው የአባቱን አሮጌ መኪና በዚህ መንገድ ሕጋዊ አድርጓል። በዚያው በር ግን ታሪኳ የማይታወቅ መኪናም ንጹሕ ወረቀት ይዛ ልትወጣ ትችላለች። ቬርሞንት በሩን ለሌላ ግዛት ነዋሪዎች ያጠበበችው በ2023 ነው፤ ያን ያህል መቆየቱ ያሳዝነኛል።

ብረቱ ግን ምስክርነቱን በቀላሉ አይተውም። አሜሪካ ውስጥ ከ1969 ጀምሮ ቁጥሩ በፊት መስታወት በኩል ከውጭ እንዲታይ የፌዴራል ደንብ ያስገድዳል፤ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ፕሌቱን ዳሽቦርዱ ላይ ያሰሩት ጭንቅላቱ የአበባ ቅጠል በሚመስል ልዩ ሪቬት ነበር። አዋቂ መርማሪ መጀመሪያ የሚያየው ቁጥሩን አይደለም፤ ሪቬቱን ነው። ከዚያ የተደበቀውን ይፈልጋል። ክራይስለር ለምሳሌ የቁጥሩን ከፊል ራዲያተር ተሸካሚው ብረት ላይና ሌላ ቦታም ይመታ ነበር። ዳሽቦርዱ አንድ ነገር፣ ራዲያተሩ ጋ ያለው ሌላ ነገር ከተናገሩ ነገሩ አለቀ።

ቁጥሩ ተፍቆ ከጠፋስ? ይህን ጉዳይ ማጥናት ከጀመርኩ ወዲህ ከሁሉ የገረመኝ እዚህ ያለው ነው። ቁጥር ብረት ላይ ሲመታ የሚጎደጉደው ላዩን ብቻ አይደለም። ከጎድጓዱ ሥር ያለው የብረት ቅንጣት ይጨመቃል፣ ቅርጹን ይለውጣል። ሌባው እስከ ጎድጓዱ ወለል ድረስ ቢፍቅም ከሥሩ የተጨመቀው ይቀራል። መርማሪው ላዩን ያለሰልስና አሲድ በጥጥ ይቀባዋል። አሲዱ የተጨመቀውን ብረትና ያልተጨመቀውን እኩል አይበላም። ቀስ በቀስ፣ ጥላ እንደሚመጣ፣ የጠፋው ቁጥር ብቅ ይላል።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። መሠረቱ አጭር ነው፤ ማንም የሌለውን አይሰጥም። ሌባ ባለቤት ስላልሆነ ከሌባ የገዛ ባለቤት አይሆንም፤ ከእሱ የገዛውም፣ ከዚያም የገዛው። ቅን ልቦና ቢኖረውም፣ ሙሉ ዋጋ ቢከፍልም፣ ታይትል በስሙ ቢወጣለትም ለውጥ የለውም። ታይትል ባለቤትነትን የሚያስረዳ ወረቀት እንጂ ባለቤትነትን የሚፈጥር አይደለም። የአሜሪካ ግዛቶች፣ ከሉዊዚያና በቀር፣ የተቀበሉት የንግድ ሕግ ግን አንድ ልዩነት ያደርጋል። ባለቤቱ ራሱ ተታሎ፣ ለምሳሌ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ተቀብሎ፣ መኪናዋን በእጁ ካስረከበ፣ ከአታላዩ በቅን ልቦና የገዛ ሦስተኛ ሰው ይጠበቃል። ባለቤቱ በፈቃዱ ከእጁ አውጥቷታልና። ስትሰረቅ ግን ፈቃድ የለም። የእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ በቅን ልቦና የገዛን ሰው ይጠብቃል፤ ነገሩ የተሰረቀ ሲሆን ግን ለባለቤቱ የመጠየቅ በር ይከፍታል።

«ጊዜ ካለፈስ? ይርጋ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። መልሱ ያለው ሚልዋኪ ውስጥ ነው።

በዚያች ከተማ አንድ ባለ ፋብሪካ በ1967 አንዲት የፈረንሳይ መኪና ገዛ፤ የ1938 ታልቦ ላጎ ቲ150ሲ ኤስኤስ። ቦዲዋን የሠራው ፊጎኒ ኤ ፋላስኪ የተባለው የፓሪስ ድርጅት ሲሆን፣ ቅርጿ ከእንባ ጠብታ ጋር ስለሚመሳሰል በዚያው ስም ትጠራለች። ሰውየው ፈታትቶ ሊያድሳት ፋብሪካው ውስጥ አስቀመጣት። ዓመታት አለፉ፤ አሮጌ መኪና ፈትቶ የሚያውቅን ሰው ይህ አይገርመውም። በ2001 ሌቦች የስልክ መስመሩን ቆርጠው ገቡና የተፈታታውን አካል ጭነው ሄዱ። ባለቤቱ በ2005 ሞተ፤ ያላገኛትን መኪናም ለወራሹ ተወ።

በ2015 አንድ ኩባንያ ታድሳ የተነሣችውን ታልቦ በሚሊዮኖች በሚቆጠር ዶላር ገዛ። በ2016 ኢሊኖይ ውስጥ ታይትል ሊያወጣላት ሲሞክር ቁጥሯ ከስርቆት መዝገቡ ጋር ተገጣጠመ። ወራሹ መልሱልኝ አለ፤ ኩባንያው እምቢ አለ፤ ክስ ተመሠረተ። የኩባንያው መከላከያ ቀላል ነበር፦ ሕጉ የሚለው 6 ዓመት ነው፣ መኪናዋ የተሰረቀችው በ2001 ነው፣ ስለዚህ ይርጋው አልፏል። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በዚህ ተስማማ። ይግባኝ ሰሚው ሻረው። በ2020 የዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የይግባኙን ውሳኔ አጸና።

ምክንያቱን ልብ በሉ። ሕጉ ይርጋው የሚቆጠርባቸውን ጊዜዎች ሲዘረዝር፣ ያለ አግባብ መውሰድን ብቻ ሳይሆን ያለ አግባብ ይዞ መቆየትንም ለይቶ ይጠቅሳል። ሌባው በ2001 ወሰደ፤ የእሱ ጊዜ ከዚያ ይቆጠራል። ኩባንያው ግን አልሰረቀም። የእሱ ጥፋት ነው የተባለው መልስ ሲባል አለመመለሱ ነው፤ ይህ ደግሞ ራሱን የቻለ የክስ ምክንያት ነው። ስለዚህ ክሱ በጊዜው ነው። ውሳኔው ስለ ይርጋው ብቻ እንጂ መኪናዋ የማን ናት የሚለውን የዘጋ አልነበረም። ግን ለገዢዎች ያለው ትርጉም ከባድ ነው። የስርቆቱ ዕድሜ መከታ አይሆናቸውም። ለገዢው ባዝንም ውሳኔው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። 6 ዓመት ደብቆ ማቆየት መኪና የሚያስወርስ ከሆነ፣ ሕጉ የሚክሰው ከሁሉ በላይ በደንብ የደበቀውን ነው።

መኪናዋን የተነጠቀው ገዢ ወደ ሻጩ መዞር ይችላል። ያው የንግድ ሕግ፣ ማንኛውም ሻጭ የሸጠው ነገር የራሱ መሆኑን ዋስትና እንደሰጠ ይቆጥረዋል፤ ውሉ ላይ ባይጻፍም። ግን እዚህ ያለው ይርጋ 4 ዓመት ነው፣ የሚቆጠረውም ርክክብ ከተደረገበት ቀን ነው፤ ገዢው ጉዱን ካወቀበት ቀን አይደለም። ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ዋናው ባለቤት ከ20 ዓመት በኋላ መጥቶ ሊወስዳት ይችላል፤ ገዢው ግን ሻጩን የሚጠይቅበት ጊዜ በ5ኛው ዓመት ላይ አልቋል። እኔ ይህን ሕግ ይታረም ከሚሉት ወገን ነኝ።

የኢንሹራንስም ነገር አለ። መኪናዋ የተሰረቀችበት ሰው ካሳ ከተከፈለው፣ መኪናዋ ስትገኝ ጠያቂው ኢንሹራንሱ ይሆናል። በ1969 ኒው ዮርክ ውስጥ አንዲት የ1968 ኮርቬት ተሰረቀች። ከ37 ዓመት ገደማ በኋላ ካሊፎርኒያ ወደብ ላይ፣ ወደ ስዊድን ልትጫን ስትል፣ ቁጥሯ ሲጣራ ተያዘች። የኒው ዮርክ መርማሪዎች ባለቤቷን ያገኙት የ1969 የስርቆት ማመልከቻዎችን ማይክሮፊልም አንድ በአንድ አገላብጠው ነው። ሰውየው በወጣትነቱ የስርቆት ኢንሹራንስ ለመግዛት አቅም ስላልነበረው ካሳ የተቀበለው የለም። ስለዚህ መኪናዋ ያለ ክርክር ለእሱ ተመለሰች። ድህነቱ ነው ያዳነለት።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለተሰረቁ መኪኖች ነው። አሁን የምነግራችሁ ግን ስላልተሰረቀች መኪና ነው፤ ይህን ምዕራፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እሷ ናት። አንድ የካንሳስ ጡረተኛ የ1959 ኮርቬት ኢንዲያና ከሚገኝ ነጋዴ በ50,000 ዶላር ገዛ። በ2017 ሊያስመዘግባት ሲወስዳት መርማሪዎቹ ፕሌቷ ተነቅሎ እንደገና መታሰሩን አዩ። ከዚያ በፊት ያደሳት ሰው ለሥራው ሲል ነቅሎ መልሶ ገጥሞት ነበር፤ አሮጌ መኪና ከሥር ጀምሮ የሚያድስ ሰው ይህን ያደርጋል። መኪናዋ ተወሰደች። የግዛቱ ሕግ በዚያን ጊዜ ቁጥሩ የተነካ መኪና ይደምሰስ ነበር የሚለው፤ ማን እንዳደረገውና ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። ሰውየው ሌብነት አልተወራበትም፤ መኪናዋንም የተሰረቀችብኝ ብሎ የመጣ የለም። ግን ለዓመታት መጋዘን ውስጥ ተቀመጠች፣ እሱም በፍርድ ቤት ተመላለሰ። በ2022 የካንሳስ ምክር ቤት ሕጉን አሻሻለው፣ መኪናዋም ተመለሰችለት።

የፌዴራሉ ሕግ ይህን አስቀድሞ አስቦበት ነበር። በ1984 የወጣው ሕግ የሻንሲ ቁጥርን አውቆ ያጠፋን ወይም የለወጠን እስከ 5 ዓመት እሥራት ይቀጣል፤ ለጥገና ሲባል የግድ መንቀል ያስፈለገውን ባለሙያ ግን ከቅጣቱ ያወጣዋል። ስለዚህ መኪና የምታድሱ ሰዎች፣ ሪቬቱን ከመንካታችሁ በፊት ከነቦታው ፎቶ አንሡ፣ ቀን ጻፉ፣ የግዛታችሁን ደንብ ጠይቁ። ቁጥሩ የተለወጠበትን መኪና አውቆ መነገድ ደግሞ እስከ 10 ዓመት ያስፈርዳል፤ የተሰረቀን መኪና አውቆ ከግዛት ግዛት ማሻገርም እንዲሁ፣ ይህኛው ሕግ ከ1919 ጀምሮ ያለ ነው። ሁሉም ላይ ያለችው ቃል «አውቆ» የምትለዋ ናት። ሳያውቅ የገዛ ተጎጂ ነው። ካወቀ በኋላ «ገንዘቤን ላውጣ» ብሎ ለሌላ የሸጠ ግን ከተጎጂነት ወደ ተከሳሽነት ተሻገረ። ጥርጣሬ የገባው ሰው የመጀመሪያ ጉዞው ወደ ጠበቃ እንጂ ወደ ደላላ መሆን የለበትም።

አዲስ አበባም ሻንሲ ቁጥር በማጣራት የተካኑ እጆች አሏት። ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጄ ቮልስ ሊገዛ ሲል አብሬው አንድ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ወጣት ነው። መጀመሪያ የፊቱን ኮፈን ከፍቶ ከትርፍ ጎማው ጀርባ ያለችውን ፕሌት አየ፣ ምንም ሳይናገር ዘጋው። ከዚያ የኋላ ወንበሩን አነሣ። ቮልስ ሻንሲ ቁጥሯ ያለው እዚያ፣ መሐል ላይ በሚያልፈው ጉብታ ብረት ላይ ነው፤ ባትሪውም እዚያው አጠገብ ስለሚቀመጥ አሲዱ ብረቱን ያዝገዋል። ዝገቱ ስር አኃዞቹ በጭንቅ ይታያሉ።

ወዳጄ ሊብሬውን ይዞ ያነብባል፣ መካኒኩ አጎንብሶ ይመልሳል። «አንድ፣ አንድ፣ ስምንት» ሲል መካኒኩ ቀና አለ። «የ68 ናት ጋሼ፤ ሦስተኛዋ ዓመቷ ናት።» ቀጠሉ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ መካኒኩ «ስምንት» አለ። ወዳጄ ሊብሬውን ወደ ብርሃን አስጠጋ። «ሦስት ነው የሚለው።»

ዝም ተባለ። ወዳጄ ከመሣሪያው ሣጥን ላይ ብርጭቆ ወረቀት አንሥቶ ጎንበስ ሲል መካኒኩ እጁን ያዘው።

«ኧረ ጋሼ! በፈጠረዎት፣ እሱ አይነካትም። ነገ ተፍቋል ቢሉዎት ምን ይመልሳሉ?»

ጨርቅ ናፍጣ ነክሮ አስቀመጠበትና ሻይ ልንጠጣ ወጣን። ስንመለስ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብሎ አሸው፣ ጠረገው፣ የስልኩን መብራት በጎን አበራበት። ግራ በኩል ስምንት አስመስሎት የነበረው ዝገት ለቋል። ሦስት ነው። ወዳጄ ግን አልተነሣም፤ መነጽሩን አድርጎ ሊብሬውን ጉልበቱ ላይ ዘረጋና ዘጠኙንም አኃዝ ከመጀመሪያው አንድ ብሎ እንደገና አስነበበው።